እንጦጦ ላይ ስላቃሰተ ሞተር ይውረድ?!

“የሠርጋችንን ብር አዋጥተን መኪና ገዛን። አሁን ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ያቅተዋል። ጠዋት ሲነሳም ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ‘ሞተር ይውረድ’ አለኝ፤ እጮኛዬ ‘ሽጠው’ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?” ሲል አንድ የየካ ልጅ ጽፎልናል።

ወዳጄ፣ እስቲ ረጋ በል! መጀመሪያ ዳገቱን እንየው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት እንጦጦ ማርያም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ እዚያ ላይ ያጣል። ስለዚህ ማቃሰቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ግን ያጠራጥራል።

ሞተርህ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ነው ብለሃል፤ ሚትሱቢሺ በ1996 እ.ኤ.አ. ጂዲአይ ብሎ ገበያ ያወጣው ዓይነት መሆኑ ነው። በድሮዎቹ ቤንዚኑ የመግቢያውን ቫልቭ እያጠበ ያልፋል። ባንተው ግን ቫልቩን የሚነካው አየርና ከሞተሩ ሆድ የሚመለስ የዘይት ጭስ ብቻ ነው። ያ ዘይት በጋለው ቫልቭ ላይ ይጋገራል፤ ያረረ ወጥ ድስት ሥር እንደሚይዘው ማለት ነው። ታንከር ውስጥ ጨምር የሚሉህ ማጽጃም እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ አይደርስበትማ!

ግን ርካሹን አስቀድም፦ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ የአየር ፊልትሮ። እነሱ ደህና ከሆኑ ማኒፎልዱ ይፈታና ቫልቮቹ በዓይን ይታዩ። ካርበን ከያዛቸው፣ መሣሪያው ያለው ጋራዥ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየረጨ ያጸዳዋል። ከሌለ በኬሚካል ዘፍዝፎ በብሩሽ መፈግፈግ ነው። አሰልቺ ነው፣ ቴስታታ ግን አይወርድም። ብቻ የሚጸዳው ቫልቭ የግድ መዘጋት አለበት! ክፍት ከሆነ ፍርፋሪው ፒስተኑ ላይ ይወድቅልህና ያኔ የመካኒኩ ቃል እውነት ይሆናል።

ስለ መሸጡ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። የሚንቀጠቀጥ መኪና በርካሽ አውጥተህ ምትኩን ፍለጋ መዞሩን አስበው። ደግሞ ብሩ የእሷም ነውና ጋራዥ አብራችሁ ሂዱ። ማኒፎልዱ እንደተፈታ ቫልቮቹን በስልክህ አንሳቸው፤ ከጸዱ በኋላም እንደገና። ከዚያ ይሸጥ አይሸጥ ተነጋገሩ።