አካዳሚው የጋን ውስጥ መብራት እንዳይሆን

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ሲሰባሰቡ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ፦ «በተማርንበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ አካዳሚ እንክፈት።» አገር ቤት ያለው ስለ ክፍሎቹ እድሳት ያስባል፤ ውጭ ያለው ስለ ኮምፒውተሩና ስለ ማይክሮስኮፑ። ሐሳቡ መልካም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ብር ከመዋጣቱ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ አካዳሚው ውስጥ የማይገቡት ልጆች ምን ያገኛሉ?

አንድ ትምህርት ቤት 2,000 ተማሪ አለው እንበል። 100 ልጆች ተመረጡ። የቀሩት 1,900 በዚያው በር ይገባሉ፣ በዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይሰለፋሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ። የእነዚህ ልጆች ጉዳይ «በኋላ የሚታይ» ተደርጎ ከተተወ፣ አካዳሚው ራሱ ብዙ ዓመት አይዘልቅም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

*ችግሩ ምን ያህል ነው?*

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እውነቱ ፊት ለፊት ወጥቷል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። መሻሻል አለ። ግን ዛሬም ከ10 ተፈታኞች 9ኙ ግማሹን አያመጡም። በ2015 ዓ.ም. ብቻ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ።

በሌላ በኩል ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች ስም ሲነገር ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ይወጣሉ። ስለዚህ «ጎበዞቹን ለይቶ ማስተማር ይሠራል» የሚለው ድምዳሜ ቶሎ ይመጣል። ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን እነዚያ ልጆች ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሲመርጣቸው ከየወረዳው ትምህርት ቤት ወጥተዋል። ጥያቄ የሚጠይቀው፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ የሚያስጠናው፣ መምህሩ ተዘጋጅቶ እንዲገባ የሚያስገድደው ልጅ ሄዷል።

በትምህርት ቤት ውስጥ የሚከፈት አካዳሚ ከአዳሪው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ከቤቱ አይርቅም። የመኝታና የምግብ ወጪ የለም። ከሁሉም በላይ ጎበዙ ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይቆያል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ግቢው ውስጥ አጥር ካልታጠረ ነው።

*ሌሎች እንዴት ሞከሩት?*

በትምህርት ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «የሙያ አካዳሚ» የሚባለው አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ፊላደልፊያ፣ ቶማስ ኤዲሰን በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መነሻው የኤሌክትሪክ ሙያ ነበር። ልጆቹ የተመረጡት ጎበዝ ስለሆኑ አልነበረም፤ ትምህርት ያቋርጣሉ ተብለው የተሰጋላቸው ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጥቂት ተማሪዎች፣ ለዓመታት አብረዋቸው የሚቆዩ ተመሳሳይ መምህራን፣ እና በአካባቢው ካሉ ቀጣሪዎች ጋር የተያያዘ ትምህርት።

ኤምዲአርሲ የተባለ የምርምር ተቋም እንዲህ ያሉ አካዳሚዎችን በ9 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ1,700 በላይ ወጣቶችን ይዞ ለዓመታት ተከታትሏል። አመልካቾች ከቦታው በላይ ስለነበሩ የሚገቡት በዕጣ ተለይተዋል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ የሚታመን ነው። ውጤቱ ትኩረት ይፈልጋል። ዕጣው የወጣላቸው ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በነበሩት 8 ዓመታት ገቢያቸው በአማካይ በ11 በመቶ ገደማ በልጧል። በፈተና ውጤት ግን ካልገቡት ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህን ለእኛ ስተረጉመው፦ አካዳሚ ስለተባለ ብቻ የፈተና ውጤት አይዘልም። የጠቀመው ሰው ነው። በስሙ የሚያውቀው መምህር ያለው፣ የሥራ ዓለምን ገና ተማሪ ሳለ ያየ ልጅ ሕይወቱን ያሻሽላል። ስለዚህ የአካዳሚው መክፈቻ ቀን ሪባን ሲቆረጥ የኮምፒውተሩን ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሞንትጎመሪ ብሌር የተባለው ግዙፍ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ልዩ ፕሮግራም አለው። በየዓመቱ 100 ያህል ልጆችን በምርጫ ይቀበላል። ፕሮግራሙ እዚያ የተተከለው በከፊል የተለያየ ዘር ያላቸው ልጆች በአንድ ሕንፃ እንዲማሩ ለማድረግ ነበር። በሳይንስ ውድድሮች ትልቅ ስም አትርፏል። ግን እዚያም የሚነሳው ጥያቄ ያው የኛው ነው፦ ልጆቹ በአንድ ሕንፃ ናቸው፣ በአንድ ክፍልስ ይገናኛሉ? አንድ ጣራ ሥር መዋል ብቻውን አብሮ መማር አይሆንም።

*እኛም ሞክረነዋል*

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ትምህርት ጎን የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት ይሰጡ ነበር። የወረዳው ልጅ ማሽን የሚነካው እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። በኋላ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ራሱን የቻለ ዘርፍ ሲሆን አንዳንዶቹ ጭራሽ ወደ ኮሌጅነት ተለወጡ። የድሮው ተፈሪ መኮንን ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ነው። ጄኔራል ዊንጌትም ፖሊ ቴክኒክ ሆኗል። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን እንዲሁ። ኮሌጆቹ ያስፈልጋሉ፤ ግን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከወርክሾፕ ጋር የነበረው ጉርብትና ተቋረጠ።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ወረደ። በዚያ ዘመን የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ይነግርና ያልፋል። መምህሩ በራሱ ክፍል ተመልካች ሆነ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ዕቃው ውድ ነበር፣ ሐሳቡም ክፋት አልነበረውም። የተረሳው መምህሩ ነው።

ዛሬ ደግሞ ኮዲንግ በነፃ በኢንተርኔት መማር ይቻላል፤ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለው አገራዊ ፕሮግራምም አለ። ስለዚህ አካዳሚ ከፍተን የምንሰጠው ነገር ቪዲዮና ሶፍትዌር ከሆነ ልጁ ስልክ ካለው አያስፈልገውም። እሱ የሌለው የሚሠራ ቤተ ሙከራና ጊዜ ያለው መምህር ነው።

*ጉዳቱ የሚመጣው በምን በኩል ነው?*

አንደኛ፣ በመምህር። ትምህርት ቤቱ 5 የፊዚክስ መምህራን አሉት እንበል። አካዳሚው ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል፣ ክፍሉም 30 ልጅ ብቻ ነው። ሁለቱ ምርጥ መምህራን ወዴት እንደሚሄዱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የእነሱ ክፍለ ጊዜ ለቀሩት ሦስቱ ይከፋፈላል። አካዳሚው ለ100 ልጅ ጨመረ፣ ከ1,900ው ቀነሰ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በቁልፍ። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት አለ፤ ቤተ ሙከራ እያለው ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ የማይወጣም አለ። «ዕቃው ይሰበራል፣ ማን ይጠየቃል?» በሚል ኬሚካሉ ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጣል። አዲሱ ቤተ ሙከራ «የአካዳሚው ንብረት» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ቁልፉ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በአማካይ። አካዳሚው 100 ልጅ ቢያሳልፍ የትምህርት ቤቱ ውጤት በወረቀት ላይ ያምራል። ርዕሰ መምህሩ ይመሰገናል፣ ወረዳው ሪፖርት ይጽፋል። ከሌሎቹ ክፍሎች አንድ ልጅ እንኳ አለማለፉ ግን ከቁጥሩ ሥር ይደበቃል።

አራተኛ፣ በመግቢያው በር። መመዘኛው የአንድ ቀን ፈተና ብቻ ከሆነ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ ይቀድማል። ቨርጂኒያ ውስጥ በፌርፋክስ ካውንቲ የሚገኘው ቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ትምህርት የሚሆነን እዚህ ላይ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ የመግቢያው ችግር ግን አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የመግቢያ ፈተናውን አስቀርቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ያህል ቦታ መደበ። በመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 25 በመቶ ገደማ ወጣ። የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ድርሻ በመቀነሱ ክስ ተነሳ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 አሠራሩን አጸናው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጉዳዩን ሳያየው ቀረ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ጉብዝና በየትምህርት ቤቱ አለ፣ የሚታየው ግን በሩ ባለበት በኩል ብቻ ነው።

*«ጎበዙ ልጅ ለምን ይጎተታል?»*

የሚቃወመኝ ሰው የሚለውን አውቃለሁ። «ሁሉንም ላንሳ ስትል ማንንም አታነሳም። አገር ሳይንቲስት ያስፈልጋታል፤ ጎበዙን ከሰነፉ ጋር አስረህ አታዘግየው።» ይህ መናቅ የሌለበት ክርክር ነው። ሒሳብ የገባው ልጅ በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲሰለች ማየት ያሳዝናል። ለዚህ ነው አካዳሚውን የምደግፈው።

ነገር ግን የአካዳሚው ቀጣይ ተማሪ ከየት ይመጣል? ከዚያው ትምህርት ቤትና በዙሪያው ካሉት ነው። ዙሪያው ከደረቀ በሦስተኛው ዓመት የሚመረጥ ልጅ ያንሳል። ሌላም አለ፦ የ1,900ው ልጆች ወላጆች ናቸው ግቢውን የሚጠብቁት፣ አጥር ሲፈርስ የሚያዋጡት። «ለነሱ ልጆች ነው» ያሉት ቀን ድጋፉ ያልቃል።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበርም ሆነ የሚፈቅድ ትምህርት ቢሮ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ሊያስገባቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ።

1. የአካዳሚው መምህር ሁሉ ቢያንስ ከክፍለ ጊዜው ግማሹን በመደበኛ ክፍሎች ያስተምር። ተጨማሪ ክፍያው የሚሰጠው ይህን ሲያደርግ ነው።

2. ቤተ ሙከራው የትምህርት ቤቱ ይሁን። ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ፕሮግራም ይውጣለት፤ ቅዳሜ ደግሞ ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ይከፈት። ቢሾፍቱ ያለው የፎካ ማዕከል የሚያገለግለው ከአንድ ትምህርት ቤት ለሚመጡ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ በጋራ መጠቀም ይቻላል። የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ደመወዝና የሚያልቁ ዕቃዎች በጀት ከኮምፒውተሩ ቀድሞ ይያዝ።

3. ምልመላው ከየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ኮታ ይኑረው። በ9ኛ ክፍል ያልገባ ልጅ በ10ኛም በ11ኛም የሚገባበት ሁለተኛ በር ይኑር። ዘግይቶ የሚያብብ ልጅ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባት ልጅም አቅሟ የሚታየው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

4. የአካዳሚው ተማሪዎች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በሌሎች ክፍሎች የጥናት ቡድን ይምሩ። የሚያስረዳ ልጅ ራሱም ይበልጥ ይገባዋል።

5. ውጤት በሁለት መስመር ይዘገብ፦ የአካዳሚው ለብቻ፣ የቀረው ትምህርት ቤት ለብቻ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛው መስመር ካልተንቀሳቀሰ አሠራሩ ይፈተሽ።

አምስቱም ብዙ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገርና መፈራረም ነው። አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ለጋሹ ስሙ የተጻፈበት ክፍል ማየት ይፈልጋል፣ አመራሩም የሚያስመርቀው ነገር ይፈልጋል። በ9ኛ «ሐ» ክፍል የፊዚክስ ትምህርት መሻሻሉን ፎቶ ማንሳት አይቻልም።

ቢሆንም አካዳሚውን የምንለካው በ9ኛ «ሐ» ክፍል ነው። እዚያ ብርሃኑ ከደረሰ ተሳክቷል። ካልደረሰ ግን ስንት ብር ቢወጣበት የጋን ውስጥ መብራት ነው።

በተማራችሁበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታስቦ ወይም ተጀምሮ ከሆነ፣ መምህራኑ እንዴት ተመደቡ? ቤተ ሙከራው ለማን ይከፈታል? ሐሳባችሁን ጻፉልን።