መፍቻ መያዝ ውርደት ነውን?



ባለፈው መስቀል አጎቴ ከመርካቶ ሲመጡ ወልቂጤ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናቸው ተበላሽታ ቆመች። አንድ ወጣት መካኒክ ከጋራዡ መጥቶ ጠግኖ ሸኛቸው። አጎቴም ክትፎው ቀርቦ ስንበላ ያንን ልጅ «እጁ ይባረክ!» እያሉ ደጋግመው መረቁት። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ስጨርስ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። እኔም «ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቼ የማሽን ሙያ መማር እፈልጋለሁ» ብዬ መለስሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ አጎቴም «ምነው ልጄ፣ ትምህርቱ ከበደህ እንዴ?» አሉኝ።

እነሆ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ጥያቄ ነው። የሰው ልጅ ሲሆን ምርቃት፣ የራስ ልጅ ሲሆን ኀዘን የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?

ጉራጌ ሥራ አይንቅም ይባላል። እውነት ነው፤ አባቶቻችን የሊስትሮ ሣጥን ተሸክመው ጀምረው ባለ ሱቅ ሆነዋል። በ1950ዎቹም መንገድ መጥቶ እስኪደርሳቸው ሳይጠብቁ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አሠርተዋል። ነገር ግን ራሳችንን አንሸንግል፤ ያከበርነው ንግድን እንጂ የእጅ ጥበብን አይደለም። ብረት ቀጥቃጩንና እንጨት ጠራቢውን መሬት ከልክለን፣ በጋብቻም ለይተን የኖርን እኛው ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ መልኩን ለውጦ «ካልሆነለት ቴክኒክ ይግባ» ወደሚል አነጋገር ተዛውሯል።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ «የወደቁ» ብለን የምንጠራ ከሆነ አብዛኛውን ወጣት ጥለነዋል ማለት ነው። የእኔ አሳብ ግን ከዚህም ያልፋል፤ ፈተናውን ያለፈ ተማሪም ቢሆን ሙያን መርጦ ሊገባበት ይገባል እላለሁ።

እናቶቻችን እንሰትን ዛሬም ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይፍቃሉ። ይህን ድካም የሚያቃልል መሣሪያ በወረቀት ላይ መንደፍ ብቻውን አይበቃም፤ ንድፉን አንብቦ ብረቱን የሚቆርጥ፣ የሚበይድ፣ ሲሰበርም የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ሒሳብና ፊዚክስ የማያውቅ ከሆነ ሥራው ግምት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሙያ የሰነፍ መጠጊያ ሊሆን አይችልም።

የወላጆች ሥጋት ግን ከንቱ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በአንድ ኮሌጅ ሲሠለጥን ለብዙ ተማሪ የነበረው የብየዳ ማሽን አንድ ብቻ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ቀኑ ይመሽበት ነበር። ብረት ሳይነኩ የብረት ሙያ አይለመድም።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉትን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ከፈተናው በፊት ወስዳችሁ አሳዩን፤ ዐይተን እንምረጥ። ባለ ጋራዦችና ባለ ፋብሪካዎች ሆይ፣ ለልምምድ የሚመጣውን ሠልጣኝ ለመላላክ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ተቀበሉት። ወላጆች ሆይ፣ ይህ ጎዳና ዝግ እንዳልሆነ ዕወቁልን፤ በደረጃ ከፍ እያሉ ሄደው አዲስ አበባ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ዲግሪ የሚያገኙ አሉ።

አጎቴም ይህን መጽሔት ያነቡት ይሆናል። ለዚያ መካኒክ ከሰጡት ምርቃት ጥቂቱን ለእኔ እንዲያስተርፉልኝ በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።