በረዶ ለሌለው አገር የበረዶ ጭንቀት

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ቀና ብሎ እንጦጦን የሚመለከት ተማሪ በየካቲት የሚያየው ፀሐይ፣ አቧራና ባሕር ዛፍ ነው። በዚያው በየካቲት ግን በሌላው ዓለም የክረምት ኦሊምፒክ ይደረጋል። ክረምት ማለት ለእኛ ከሰኔ ጀምሮ የሚወርደው ዝናብ ስለ ሆነ የስሙ ነገር ገና ከመነሻው ግራ ያጋባል። በረዶም ብንል፣ የእንጦጦ በረዶ በሐምሌ ቆርቆሮ እየደበደበ ወርዶ ወዲያው የሚቀልጥ ነው እንጂ ሰው የሚንሸራተትበት አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን አንዳንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ እርሱም ፀሐይ ሲወጣበት ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ስለ በረዶ ስፖርት መጻፋችን የሚያስቃቸው ጓደኞቻችን እንዳሉ እናውቃለን። ገበሬው ዝናብ አጥቶ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት አገር የስኪ ወሬ ምን ይባላል? የሚሉም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚያው ከሰማዩ እንጀምራለን።

አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በቶሪኖ ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ብቻውን ይዞ ገባ። በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ስም ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፕራጀላቶ ላይ 15 ኪሎ ሜትር በስኪ ሮጠ፤ በ2010ም በቫንኩቨር ያንኑ ርቀት ደገመው። ሜዳልያ አላመጣም፤ የገባውም ከኋለኞቹ ጋር ነው። ይህን ሰምቶ የሚያፌዝ ሰው የኬንያውን ፊሊፕ ቦይትን ያስታውስ። በ1998 በናጋኖ መጨረሻ ሆኖ ሲደርስ፣ አሸናፊው ኖርዌያዊ ብዮርን ዴህሊ ከመድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። የስኪ ጌታ ያላፌዘበትን ሰው እኛ የምናፌዝበት ምክንያት አይታየንም። ከሮቤል በኋላ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 አንድም ኢትዮጵያዊ አልተሰለፈም። ጎረቤታችን ኤርትራ ግን በ2018 እና በ2022 ሻነን አበዳን በቁልቁለት ስኪ አሰልፋለች።

ለመሆኑ ስለ በረዶ መጨነቅ ምን ማለት ነው? የስኪ ሯጭ እንደ እንጦጦ ሯጭ ጫማውን አስሮ ብቻ አይወጣም። የስኪውን ግርጌ ሰም ይቀባል፤ ሰሙም እንደ በረዶው ቅዝቃዜና እርጥበት ይለያያል። ማለዳ ደረቅ የነበረው በረዶ እኩለ ቀን ላይ ሙቀት ነክቶት ቢረጥብ የማለዳው ሰም ከንቱ ይሆናል፤ ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፣ ወይም በረዶው ከስኪው ሥር እየተጣበቀ ይከብዳል። በሐምሌ በእንጦጦ ጭቃ ላይ የሮጠ ሰው ይህ ሳይነገረው ይገባዋል። የኖርዌይ ቡድን ሰም የሚቀቡ ባለሙያዎችንና ስኪ የተሞላ ትልቅ መኪና ይዞ ይመጣል። የእኛን አገር በመሰለው ቡድን ግን ሯጩም፣ ሰም ቀቢውም፣ ሰማይ ተመልካቹም ያው አንድ ሰው ነው። ሰማይ ለሁሉም እኩል ነው ይባላል፤ እኩል አይደለም።

ከዚህ የባሰው ማጣሪያው ነው። ለኦሊምፒክ ለመብቃት በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በታወቁ ውድድሮች ነጥብ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በረዶ ጠፍቶ ውድድሩ ቢሰረዝ የስዊስ ልጅ በባቡር ወደ ቤቱ ተመልሶ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይሞክራል። የእኛ ልጅ ግን የአውሮፕላኑን ቲኬት፣ የቪዛውን ደጅ ጥናትና የሆቴሉን ሒሳብ ለአንድ ቅዳሜ አውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዘሩን ለአንድ ዝናብ አምኖ የበተነ ገበሬ ዝናቡ ሲቀርበት እንዲሁ ነው።

በረዶውም እየጠፋ ነው። በ1964 በኢንስብሩክ በረዶ ስለ ጠፋ የኦስትሪያ ወታደሮች ከከፍተኛ ተራራ አምጥተው መሮጫውን አልብሰዋል። በ1980 በሌክ ፕላሲድ በመሣሪያ የተሠራ በረዶ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ፤ በ2010 ከቫንኩቨር አጠገብ ወዳለው ሳይፕረስ ተራራ በረዶ በካሚዮንና በሄሊኮፕተር ተጋዘ፤ በ2014 ለሶቺ ካለፈው ዓመት ተሸፍኖ የቆየ በረዶ ተጠራቅሞ ነበር፤ በ2022 በቤጂንግማ ከሞላ ጎደል ሁሉም የመሣሪያ ሥራ ነበር። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት በ2022 የወጣ ጥናት፣ የዓለም ጢስ በብዛት መውጣቱን ከቀጠለ፣ ጨዋታውን ካስተናገዱት 21 ከተሞች መካከል በዚህ መቶ ዓመት ማለቂያ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያስተናግድ የሚችለው ሳፖሮ ብቻ ነው ይላል። አፍሪካ በሙሉ በዓመት ለዚህ ጢስ የምታዋጣው ከመቶ 4 እጅ ገደማ ነው። በረዶ የሌለው አገር በበረዶ ነገር ምን አገባው ለምትሉን ጓደኞቻችን፣ የገበሬያችንን ዝናብ ያናወጠውና የእነርሱን በረዶ ያቀለጠው አንድ ሙቀት መሆኑን እናስታውሳለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዱባይ በበረሃ መካከል ቤት ሠርታ በረዶ ታመርታለች፤ እኛ እንዲህ ያለ ቅንጦት አልጠየቅንም። የቶንጋው ፒታ ታውፋቶፉዋ ለ2018ቱ ጨዋታ ነጥብ የለቀመው በኮሎምቢያ አስፋልት ላይ በጎማ ስኪ ነው። በበረዶ ላይ የሚደረግ አንድ ውድድር ግን ግድ ስለ ነበረበት፣ ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአይስላንድ ማዕበልና የበረዶ ናዳ የዘጋውን መንገድ ታግሎ ደረሰ። በረዶ በማጣት የተጨነቀ ሰው በመጨረሻ በረዶ በዝቶበት ሊቀር ነበር! ከዚህ የምንረዳው ግን ሥራው በአስፋልት ሊጀመር እንደሚችል ነው። ሮቤልም አገር ቤት ሲሆን የሚለማመደው በጎማ ስኪ ነበር።

አስፋልት ደግሞ አለን። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሩጫ ጀግኖቻችን ሳንባቸውን ያሠሩበት ተራራ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለፈረሱም ለብስክሌቱም ቦታ ሰጥቷል። ለጎማ ስኪም አንድ ለጥ ያለ የአስፋልት ክፍል በሳምንት ሁለት ማለዳ፣ መኪና ሳይገባበት፣ ቢፈቀድ ፓርኩን የሚያስወጣው ወጪ ይህን ያህል አይደለም። ለውድድር ከፍታው ይበዛል የሚባል ከሆነ ድሬዳዋ አለች፤ ልምምዱ ግን እዚሁ ይሁን። ገንዘቡ ለሩጫ ይዋል የሚሉትን አንቃወምም። ከሩጫው ሣጥን ሳንቲም ይቀነስ አላልንምና።

የአየሩን ነገር እኛም አንዘነጋም። ሰኔ ሲገባ የባሕር ዛፍ ቅጠል በረጠበ አስፋልት ላይ ይነጠፋል፤ የጎማ ስኪ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ስለሌለው የእንጦጦ ቁልቁለት አንገት ይሰብራል። ስለዚህ ወቅታችን ከመስከረም ማለቂያ እስከ ግንቦት ነው። ለፓርኩ የሚቀርበውን ማመልከቻ አርቅቀናል፤ ስሙን ሊያሰፍር የሚወድ ተማሪ እስከ ዓርብ ድረስ ይምጣ። የራስ ቆብና ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ። ስኪው ገና አልተገኘም።