ቆማ የምታፈጥር እናት
የመግሪብ አዛን ሲል ሁላችንም ቴምር እናነሳለን። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ግን ብዙ ጊዜ ሳምቡሳ እያገላበጠች፣ ቆማ ታፈጥራለች። ይህን ጥንካሬ ብለን ማወደሳችን ልክ አይመስለንም። ሰውነትም አማና ነው።

በቴምርና በውኃ ታፍጥር፤ መግሪብ ሰግዳ አሥር ደቂቃ አረፍ ትበል። ሾርባው ለሁለት ቀን ይሠራ፤ ሳምቡሳ በየቀኑ ግዴታ አይደለም። ቀትር ላይ ጥቂት ጋደም ማለት ሱና ነው። ተራዊሕንም ቤቷ ብትሰግድ ይበቃታል። የምታጠባ ሆና ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ደግሞ ሳትጾም መቆየት ተፈቅዶላታል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ ነበር። እኛ ጎረቤቶቿስ? አንድ ምሽት ሾርባውን ይዘን እንሂድ፤ ልጆቹን እንያዝላት። እሷም ቁጭ ብላ ታፍጥር።