መኪናን ማጠንከር ማሻሻል አይደለም

ስፖርት መኪና ያለው ሰው መኪናውን ላሻሽል ብሎ ሲነሳ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዓይን ወደሚታይና በጆሮ ወደሚሰማ ነገር ነው። ሰፊ ቸርኬ ይገዛል፣ የሚያጓራ ማርሚታ ያስገጥማል፣ ከዚያም መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ አጭርና ጠንካራ ሞላ ያስገባል። ሾክ አብዞርበሩ ዘይት እስኪያንጠባጥብ ድረስ አስታዋሽ የለውም። የመቀየሪያው ቀን ሲደርስም ሻጩ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ “ጠንካራው የትኛው ነው?” ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። መጠየቅ ያለበት ጎማውን ከአስፋልቱ ሳያላቅቅ የሚያቆየው የትኛው ሾክ ነው ተብሎ ነው፤ መልሱም ብዙዎች ከሚጠብቁት ይልቅ ወደ ልልነቱ ያደላል።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው የሞላንና የሾክን ሥራ ስንለይ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ደግሞ የተጨመቀበትን ጉልበት መልሶ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ብቻውን ቢተው መኪናው ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ደጋግሞ ይዘል ነበር። ሾኩ ውስጥ ያለው ፒስቶን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎችና በስስ የብረት ቫልቮች በኩል እያስገደደ ያሳልፋል፤ የመዝለሉ ጉልበትም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ሾኩ የሚሰጠው ተቃውሞ ፒስቶኑ በሚሄድበት ፍጥነት ይወሰናል። መሪ ሲዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አካል የሚያጋድለው ቀስ ብሎ ስለሆነ ፒስቶኑም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጎማ የአስፋልት ስንጥቅ ሲመታ ግን ፒስቶኑ በድንገት ይወረወራል። ጥሩ ሾክ በመጀመሪያው ጊዜ ጠበቅ፣ በሁለተኛው ለቀቅ ይላል። “ስፖርት” የሚል ስም ብቻ የተለጠፈበት ርካሽ ሾክ ግን ሁለቱንም ያለ ልዩነት ያጠነክራል። ኩርባ መሃል አንዱ ጎማ ጉብታ ሲመታ እንዲህ ያለው ሾክ አልታዘዝ ይላል፤ ጎማው ብቻውን ወደ ላይ መውጣት ስላልቻለ የመኪናውን ጥግ ይዞ ይነሳል። ጉብታው ካለፈ በኋላም ሾኩ በወቅቱ ስለማይዘረጋ ጎማው ቶሎ ወደ መሬት አይመለስም። በዚያች ቅጽበት ጎማው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን መንገድ አልያዘም።

ለዚህ ከማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለዓለም የታየችው ይህች ባለሁለት መቀመጫ መኪና ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች፣ ሞተሯም 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ባለ 1.6 ሊትር ነበር። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። ይህን ሁሉ ገዢ ያገኘችው በጉልበቷ አይደለም። አራቱም ጎማዎቿ በባለሁለት ክንድ ሰስፔንሽን ተይዘው፣ ሞላዋ ልል ሆኖ፣ ነጂው መኪናዋ የምታደርገውን ሁሉ በመሪው በኩል ስለሚያውቅ ነው። በ1962 የወጣችው የእንግሊዟ ሎተስ ኢላን ከእሷ አስቀድማ ይህንኑ መንገድ ይዛ ነበር፤ ልል ሞላና በጥንቃቄ የተመረጠ ሾክ። እንግዲህ የኤምኤክስ-5 ባለቤት ይህችን መኪና በአጭር ሞላ ሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ ሲያደርጋት የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ክፍተት ድሮም ሰፊ አልነበረም። በሾኩ ዘንግ ላይ የተሰካው፣ የመጨረሻውን ግጭት እንዲቀበል የተሠራው አጭር የፎም ማቆሚያ አሁን መኪናዋ ትንሽ ባጋደለች ቁጥር ይጨመቃል። ፎሙ ሲጨመቅ የዚያ ጥግ ጥንካሬ በአንዴ ይንራል። ከፊት ከሆነ መኪናዋ መሪ ሲዞር ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ጅራቷ ሳይታሰብ ይከዳል። ነጂው ጥፋቱን ጎማው ላይ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ግን የአጭሩ ሞላ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። አዲሱ ሞላ ሲጠነክር አሮጌው ሾክ አይመጥነውም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሞላው በእጥፍ ከጠነከረ ሾኩ በካሬ ሥር፣ ማለትም በ40 በመቶ ገደማ፣ ተቃውሞውን መጨመር አለበት። ካልጨመረ ሞላው ሾኩን ያሸንፈዋል፤ ከዚህ በላይ ከጨመረ ደግሞ ሾኩ ሞላውን ያስረዋል። ማዝዳ ራሱ በ1994 ለውድድር ወዳዶች “R” የተባለውን ፓኬጅ ሲያወጣ ጠንከር ያለውን ሞላ ከቢልሽታይን ኩባንያ ሾክ ጋር አንድ ላይ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ሞላና ሾክ ተጋብተው የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱን ለይቶ መቀየር የሚቻለው ሌላውን የሚመጥን ከሆነ ብቻ ነው።

“የውድድር መኪኖች እኮ እንደ እንጨት የደረቁ ናቸው፤ ታዲያ እንዴት ፈጠኑ?” የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፣ የፎርሙላ ዋን መኪና እጅግ ጠንካራ ነው። የጠነከረው ግን ከወለሉ ስር የሚያልፈው አየር መኪናውን ወደ መሬት የሚጎትተው ከፍታው ሳይለዋወጥ ሲቆይ ስለሆነ ነው። በመንገድ ፍጥነት በሚነዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ይህ ጥቅም የለም። የደረቅነት ዋጋ እዚያም ቢሆን በ2022 ታይቷል። አዲሶቹ መኪኖች በቀጥታው መንገድ ላይ ሲዘሉ ተወዳዳሪው ሉዊስ ሃሚልተን በባኩ ውድድር ላይ ከመኪናው የወረደው ጀርባውን ይዞ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽንም ለመዝለሉ ገደብ ለማበጀት ተገደደ። የራሊ መኪና ደግሞ ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ሰስፔንሽኑ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ጎማው ድንጋዩን እየተከተለ ይወጣል ይወርዳል። የእኛ መንገድ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚነዱ አንባቢዎች እንኳ በረዶው ሲያልፍ አስፋልቱ ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

ጠንካራ መኪና መሪ ሲዞር ቶሎ ይታዘዛል የሚሉም አልተሳሳቱም። ያ ስሜት እውነተኛ ነው፣ ደስም ይላል። ለስላሳ በሆነ የውድድር መም ላይ መሬት በሚነክስ ጎማ ለሚነዳ ሰው ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልገዋል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ስሜቱ ከፍጥነት ጋር መምታታቱ ነው። የሚያንገጫግጭ መኪና በ80 ኪሎ ሜትር የ120 ያህል ያስፈራል፤ ሰዓት ሲያዝ ግን ያው 80 ነው።

ታዲያ የሚስተካከል ኮይልኦቨር (ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተገጠሙበት) ገዝቶ እንደ ፍላጎት ማላላት አይሻልም? ይሻል ይሆናል፣ ግን ማስተካከያ ቁልፉ ምን እንደሚያስተካክል ካወቁ። የኔዘርላንዱ ኮኒ ቢጫ ሾክ ማስተካከያው የሚነካው የመዘርጋቱን ተቃውሞ ብቻ ነው። ይህን ድክመት አልለውም፤ ፋብሪካው የመጨመቁን መጠን ራሱ አስቦ ወስኖልዎታል ማለት ነው። 30 ደረጃ አለኝ በሚል ብዙ ርካሽ ኮይልኦቨር ላይ ግን አንዱ ቁልፍ ሁለቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል፤ መዘርጋቱን ለማስተካከል ሲያጠብቁት ጉብታ የመቀበል አቅሙን ይነጥቁታል። ከደረጃ ብዛት ይልቅ የሾኩን ውስጥ መጠየቅ ይሻላል። ቢልሽታይን ከ1957 ጀምሮ ለመርሴዲስ ቤንዝ ያቀረበው ባለአንድ ቱቦ ሾክ ዘይቱን በናይትሮጅን ግፊት ስለሚይዘው፣ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ እንኳ ዘይቱ በቀላሉ አረፋ አይሠራም። አረፋ የሠራ ዘይት ፒስቶኑን አይገታም።

የመጨረሻው ተቃውሞ “የኔ ሾክ ገና ደህና ነው” የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ሾክ የሚደክመው በአንድ ቀን አይደለም፣ ነጂውም ከድካሙ ጋር ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ጥጉን በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የሞተውን ሾክ እንጂ የደከመውን አይለይም። ከዚያ ይልቅ ጎማው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ መበላቱን፣ ዘንጉ አጠገብ አቧራ የያዘ ዘይት መኖሩን ማየት ያዋጣል። መቀየሩ ከተወሰነ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ አብረው ይቀየሩ፤ የፎም ማቆሚያውና የላይኛው የጎማ መያዣም አዲስ ይሁኑ። መካኒኩን ደግሞ አንድ ነገር አደራ ይበሉት። የታችኛው ክንድ የጎማ ቡሾች ብሎኖች ከተፈቱ፣ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲይዝ መሆን አለበት። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ክንዱ በየጉብታው ሲንቀሳቀስ ቡሹ እየተቀደደ ይሄዳል፣ አዲሱ ሾክም ከሞላው ሌላ የተጠመዘዘውን ቡሽ ሲታገል ይኖራል። አላይመንት የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።