ብርሃን ይናገራል፤ እኛስ መቼ እንሞክረው?

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጠው ስለ ብርሃን ነው።

ማታ ዱርቤቴ ላይ መብራት ሲጠፋ እኔና ጓደኛዬ ከመንገዱ ማዶና ማዶ ሆነን በባትሪ እናወራለን። አንድ ጊዜ ብልጭ ካደረገች «የቤት ሥራውን ጨረስኩ» ማለቷ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «ከበደኝ፣ ነገ በጠዋት ነይ» ማለት ነው። እናቴ ግን «አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ጨረስሽው እኮ!» እያለች ትቆጣኛለች። ጨዋታውን እኛ የፈጠርነው ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሳይንቲስቶችም ይሠሩበታል!

የእነሱ ላይፋይ ይባላል። ዋይፋይ መረጃ የሚልከው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ላይፋይ ግን በብርሃን ነው። ኤልኢዲ አምፖሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አይደርስበትም፤ ብርሃን የሚቀበል መሣሪያ ግን ያነበዋል። ስሙን ያወጡት ፕሮፌሰር ሃራልድ ሃስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤዲንብራ ከተማ ላይ በጠረጴዛ መብራት ቪዲዮ ልከው ለሰው አሳይተዋል። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። በስልክ ፈጠራ የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 በፀሐይ ብርሃን ድምፅ ከ200 ሜትር በላይ ልኳል።

ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው «ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ኔትወርኩ እንኳ መች በደንብ ይሠራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ላይፋይ ነገ ዱርቤቴ ይገባል አልልም። ብርሃን ግድግዳ አያልፍም። እስከ አምፖሉ ድረስ ኢንተርኔት የሚያመጣ መስመርም ያስፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

በእኔ አስተያየት ግን ባይገባም ልንማርበት እንችላለን። እኛ ሳይንስን ከሰሌዳ ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ለፈተና እንጽፋለን እንጂ በእጃችን አንነካውም። ስለዚህ ፈተናው ሲያልፍ ትምህርቱም አብሮ ያልፋል። ይህ ሙከራ ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። መምህራችን እንዳስረዱን፣ በባትሪ ድንጋይ የሚበራ ኤልኢዲ ከትንሽ ሬዲዮ የድምፅ ሽቦ ጋር ይያያዛል። ብርሃኑ ከድምፁ ጋር ይንቀጠቀጣል። ክፍሉን አጨልመን ብርሃኑን ሶላር ላይ እናበራለን፤ ሶላሩን ከሚኒ ሚዲያችን አምፕሊፋየር ጋር ስናገናኘው ሬዲዮው የሚያወራው በስፒከራችን ይሰማል። መሃል ላይ እጅ ሲገባ ድምፁ ቁርጥ ይላል። ያኔ የ1ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ይገባዋል፤ ማየት ማመን ነውና።

ስለዚህ መብራቱ ተበላሽቶ ሶላሩ ብቻ የቀረ ቤታችሁ ካለ፣ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ አምጡልን። መምህራኖቻችንም አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡን። ብቻችሁን ግን የመብራት ገመድ እንዳትነኩ፣ አደራ!

እናቴንም እጠራታለሁ። ድንጋዩ በከንቱ እንዳላለቀ ትይልኝ።



ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ «ለ» ክፍል