«ዶክተር ራሱ ሲመጣ»

ቡድን መሪ የሆንኩ ሰሞን መጀመሪያ የተለወጠው ደመወዜ ሳይሆን መጠሪያዬ ነበር። ጂንካ ውስጥ ዓመታት አብሮኝ ቡና እየጠጣ «አንተ» ሲለኝ የኖረ ባልደረባዬ ሰኞ ጠዋት «እርስዎ» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ገንዲ የያዘውን በሬ ከሩቅ አያለሁ እያልኩ የምኩራራ ሰው ነበርኩ። ሹመቱም የመጣው በዚሁ ነው፤ መርፌ መውጋት ስለቻልኩበት መርፌ የማይወጋ ሰው አደረጉኝ።

እኔ ግን መርፌውን አልለቅም አልኩ። ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ፍየሎች ልንከትብ ወጣን። ደስታ መሰል ለሚባለው በሽታ የሚሰጠው ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ፀሐይዋ ትከራለች፤ አዲሱ ባለሙያችን ደግሞ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ እየያዘ፣ በእርጋታ፣ አንድ በአንድ ይወጋል። አላስቻለኝም። «አምጣው እስቲ» ብዬ መርፌውን ከእጁ ወሰድኩ። ልጁ ሳይናገር ሄዶ የክትባቱን ሳጥን ያዘ። ከምሳ በፊት ጨረስን። ስንመለስ መኪና ውስጥ ያፏጨሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ዙር ልጁን ብቻውን ላክሁት። አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን ከደጅ መለሷቸው፤ «ዶክተር ራሱ ሲመጣ አመጣለሁ» ብለው። መርፌውን በወሰድኩባት ቀን ያተረፍኩት ሁለት ሰዓት ነበር፤ ያጠፋሁት የአንድ ባለሙያ ስም።

ይህን ትምህርት ሙያችን ቀድሞ ያውቀው ነበር። በክፉ ቀን አገሪቱን በሬ ያሳጣት የከብት ደስታ በሽታ እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቆላው አልጠፋም ነበር። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር፤ ማቀዝቀዣ የጫነ መኪና ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1994 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው መርፌውን ያዙ፤ የመንግሥት ቡድን ያልደረሰበት በእግራቸው ደረሱ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ሐኪሞቹ መርፌውን ለባለከብቱ አሳልፈው ባይሰጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ገና ብዙ ይቆይ ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ቡድን መሪ ሎሚ አዳይ ነው፤ እኔ ግን ሃምሳውንም ተሸክሜ ጎበዝ እንድባል ፈልጌ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው አልልም። በብዙ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ደመወዙ ከፍ እንዲል ወንበር መያዝ አለበት። እጁ የተባረከውን ሰው ከሥራው ነቅለን ሪፖርት ጸሐፊ እናደርገዋለን፤ ሰው ስለመምራት ግን የአንድ ሳምንት ሥልጠና እንኳ አንሰጠውም። ለመርፌ ዓመታት ያስተማርነውን ባለሙያ፣ ሰው ለመምራት ግን አንድ ደብዳቤ ብቻ እናስይዘዋለን። መምራት የማይፈልግ ጎበዝ ባለሙያ በሙያው ላይ እንዳለ የሚያድግበት መሰላል ይሠራለት። መምራት የሚፈልገው ደግሞ ከሹመቱ በፊት ይሠልጥን፤ ከጥፋቱ በኋላ ሳይሆን።

እኔ አሁንም መስክ እወጣለሁ፤ እጄን ኪሴ ከትቼ። ልጁን ለተከታታይ ወራት ወደዚያችው መንደር እየላክሁ፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ላይ እኚያን ሽማግሌ አገኘናቸው። እኔን አልፈው ልጁን «ዶክተር» ብለው ጨበጡት፤ ስለምታስል ፍየላቸውም ይጠይቁት ጀመር። ልጁ ትንሽ አሰበ። መልሱ እኔ አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ዋጥኩት።